ማዕድ ቤቱ 2 ሰዓት ላይ ይዘጋል

አውስትራሊያ ውስጥ ከትልልቆቹ ከተሞች እየራቅህ በሄድህ ቁጥር እራት እየቀደመ ይመጣል። ሜልቦርን ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተቀምጦ ምን እንብላ ብሎ መከራከር ይቻላል። አውትባክ በሚሉት ደረቅና ሰፊ መሐል አገር ግን የሆቴሉ ማዕድ ቤት 12 ሰዓት ተከፍቶ 2 ሰዓት ላይ ይዘጋል። «2 ሰዓት አካባቢ» የሚባል ነገር የለም። 2 ሰዓት ከ5 ላይ የደረሰ እንግዳ ከባንኮኒው ጀርባ የተሰቀለ ኦቾሎኒና የታሸገ ድንች ይገዛል፤ እሱን እያኘከ የሌላውን ሳህን ያያል። ልጆች ይዞ ቢመጣ ያው ነው። ቀኑን ሙሉ ሲነዳ ውሎ ቢመጣም ያው ነው፤ እዚያ ቤት የተቀመጠው ሁሉ ቀኑን ሙሉ ሲነዳ የዋለ ነው።

እንግዳ በእኩለ ሌሊት በር ሲያንኳኳ እሳት የሚቆሰቆስበት አገር ልጅ ይህን ሲሰማ ጭካኔ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ጭካኔ አይደለም። ሼፉ አንድ ሰው ነው። ሊነጋጋ ሲል ተነሥቶ ለመንገድ ሠራተኞችና ለከባድ መኪና ሾፌሮች እንቁላል የሚጠብሰውም እሱ ነው። አኩርፎ ሽርጡን ወርውሮ ቢሄድ፣ ሌላ ሼፍ የሚገኘው መቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። ስለዚህ ከተማው በሙሉ፣ የሆቴሉን ባለቤት ጨምሮ፣ የሼፉን እንቅልፍ እንደ ቅርስ ይጠብቃል። እንዲያውም ሁሉን የሚያበስለው ሼፉ ሳይሆን ርቀት ነው ባይ ነኝ። የምትበላውን፣ የምትበላበትን ሰዓት፣ የምትከፍለውን፣ ሳህኑን ተሸክማ የምትመጣውን ልጅ ሳይቀር የሚመርጥልህ ርቀቱ ነው።

እነዚህ ሆቴሎች አብዛኞቹ በመሠረቱ መጠጥ ቤት ናቸው። በቅኝ ግዛቱ ዘመን የመጠጥ ፈቃድ የሚያወጣ ሰው ለመንገደኛ አልጋና ምግብ እንዲያዘጋጅ ሕጉ ያስገድደው ስለነበር፣ ቢራ መቅዳት ብቻ ያማረውም ሰው ሳይወድ በግዱ ሆቴል ከፈተ። ከብት ነጂዎች ወደ ደቡብ በሚያልፉበት መንገድ ላይ ያለው የበርድስቪል ሆቴል በእነሱ አቆጣጠር በ1884 የተከፈተ ነው፤ ከተማዋ ዛሬም ነዋሪዋ መቶ ቢሞላ ነው። ቆይቶ ደግሞ ሌላ ሕግ መጣ። ከ1916 ጀምሮ በሳውዝ አውስትራሊያ መጠጥ ቤት ሁሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ እንዲዘጋ ተደረገ። ዓላማው ባል በጊዜ ቤቱ እንዲገባ ነበር። ባልም ከሥራ እንደወጣ ሮጦ ሄዶ፣ የምሽቱን ሁሉ ድርሻ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጨልጦ፣ በጊዜ ገባ፤ እየተንገዳገደ ገባ እንጂ። ይህ ሕግ እስከ 1967 ቆየ። እሑድ ደግሞ በብዙ ቦታ መጠጥ የሚቀዳው ለመንገደኛ ብቻ ስለነበር፣ የአንዱ መንደር ሰው ወደ ሌላው መንደር እየነዳ መንገደኛ ይሆን ነበር። ሰዓት ሲደርስ ያለ ርኅራኄ የመዝጋቱ አመል ከዚያ ዘመን የተረፈ ይመስለኛል።

እኛ ወደ አውትባክ የሄድነው ሦስት ሆነን ነው። ጋሼ አሉ፤ ሜልቦርን ላይ ታክሲ ሲነዱ የሸበቱ፣ ጾም የማይሽሩ። የእህቴ ልጅ አለ፤ እዚያው ተወልዶ ያደገ፣ ጾምን በሐሳብ ደረጃ የሚደግፍ። እኔ መንገደኛ አይጾምም የሚሉትን ሊቃውንት ወገን ይዤ ነበር። ወሩ ነሐሴ፣ ጾሙ ፍልሰታ። ነሐሴ እዚያ ክረምት ነው፤ ቀኑ ብራ፣ ሌሊቱ ቆፈን። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚወጣው በእኛ ገና እና ጥምቀት ሰሞን ስለሆነ፣ አውትባክን ማየት የሚፈልግ ሰው የሚንቀሳቀሰው በእኛ ሐምሌና ነሐሴ ነው። ጋሼ ኩበር ፔዲ ሄደው ኦፓል የሚሉትን የከበረ ድንጋይ በዓይናቸው ማየት አምሯቸው ነበር። ከ1915 ጀምሮ ኦፓል የሚቆፈርባት፣ ሰዉ ከሙቀቱ ሸሽቶ ከመሬት በታች ቤት የፈለፈለባት ከተማ ናት፤ ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር ከመሬት በታች አላት። ጋሼ ይህን ሲሰሙ «ላሊበላን ማን ነገራቸው?» አሉ።

ስንቁን ያዘጋጁት እሳቸው ናቸው፤ እንጀራ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ቲማቲም፣ በዚያ ላይ አንድ ከረጢት ሙሉ ቃሪያ። ሳውዝ አውስትራሊያ ግን የፍራፍሬ ዝንብ እንዳይገባባት የምትጠነቀቅ ክፍለ ሀገር ናት። ከጎረቤት ትኩስ ፍሬ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ቲማቲምና ቃሪያም በሕጉ ፍሬ ናቸው። ሚልዱራን አልፈን ጠረፉ ላይ ስንደርስ አንድ ትሑት ተቆጣጣሪ ቃሪያችንን ተረከበን። ጋሼ «ዕድሜዬን ሙሉ ግብር የከፈልኩት ለቃሪያዬ ማለፊያ እንኳ አልሆነም» እያሉ ፖርት ኦገስታ ደረስን። እዚያ እንጀራው አለቀ።

ከፖርት ኦገስታ በስቱዋርት አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን ስትነዳ እስከ ኩበር ፔዲ 540 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመሐሉ ያሉትን መንደሮች ለመቁጠር የአንድ እጅ ጣት ይተርፋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ካንጋሮዎቹ ይወጣሉ። ካንጋሮ መብራት ሲያይ ከመሸሽ ይልቅ ወደ መብራቱ መዝለል የሚቀናው ፍጡር ነው፤ የአካባቢው መኪና ሁሉ ከፊቱ የብረት አጥር የገጠመው ለጌጥ አይደለም። ሮድ ትሬን የሚሏቸው ባለ ሦስት ተሳቢ መኪኖች ደግሞ ርዝመታቸው እስከ 53 ሜትር ተኩል ይደርሳል። አንዱን ለመቅደም ስትወጣ ጸሎተ ሃይማኖት ጀምረህ ትጨርሳለህ። ስለዚህ እየመሸ ሲሄድ ከሁለት አንዱን መምረጥ ግድ ይሆናል፤ ቀስ ብሎ ነድቶ እራት ማጣት፣ ወይም ፈጥኖ ነድቶ ካንጋሮ መግጨት። ጋሼ ቀስ ማለቱን መረጡ። የመኪናቸው ሰዓት ወደ 2 ሲጠጋ የእህቴ ልጅ ከኋላ ወንበር እንደ አልቃሽ አቀርቅሮ ነበር።

እዚህ ላይ ያዳነን የአውስትራሊያ የሰዓት አቆጣጠር ነው። ሳውዝ አውስትራሊያ ከሜልቦርን በግማሽ ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። አገርና አገር በአንድ ሰዓት ቢለያይ ያባት ነው፤ በግማሽ ሰዓት መለያየት ግን ጎረቤትን ለማብሸቅ ካልሆነ ምን እንደሚጠቅም አይገባኝም። የጋሼ መኪና ሰዓት የሜልቦርን ነበር፤ «የቤቴን ሰዓት በየአጥሩ አልቀይርም» ብለው ትተውት ነው። እራት ልንበላበት ያሰብነው ሆቴል በር ላይ ስንቆም 2 ሰዓት ከ10 ይላል። ተስፋ ቆርጠን ስንገባ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት 1 ሰዓት ከ40 ነው።

ገባን፤ አንገት ሁሉ ዞረ። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ዝቅ ያለ መብራት፣ ግድግዳው ላይ የተሰካ ባርኔጣና የመኪና ታርጋ። ባንኮኒው ጋ የተቀመጡ ባለ ሰፊ ባርኔጣ ሽማግሌ ከየት እንደመጣን ጠየቁ። የእህቴ ልጅ «ከሜልቦርን» አላቸው። ፊታቸው እንደ ሎሚ ተጨማደደ። ጋሼ ቶሎ ብለው «ትውልዳችን ኢትዮጵያ ነው» ሲሉ ሽማግሌው ፈታ አሉና «እንዲያ በሉኝ እንጂ!» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። አውትባክ ውስጥ ከሌላ አኅጉር መምጣት ነውር የለውም፤ ነውሩ ከትልቅ ከተማ መምጣት ነው።

ያ ባንኮኒ ለሁሉም እንዲህ እጁን የዘረጋ አልነበረም፤ ሳይጠቀስ ቢቀር ደግ አይሆንም። እስከ 1960ዎቹ ድረስ በአብዛኛው የአውስትራሊያ ክፍል ለነባሩ ሕዝብ መጠጥ መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነበር። ሴትም ወደ ዋናው ባር አትገባም ነበር። በ1965 ብሪስቤን ውስጥ ሁለት ሴቶች ራሳቸውን ከባሩ ብረት ጋር በሰንሰለት አስረው ቢራ ይቀዳልን ብለዋል። ዛሬ ባንኮኒውን የምታዘውና ሁሉን «ዳርሊንግ» የምትለው የሆቴሉ ባለቤት ሴት ናት። ጋሼንም «ዳርሊንግ» አለቻቸው። ጋሼ እኔን አዩኝ፤ እኔ ጣሪያውን አየሁ።

ከዚያ ቁጭ አልንና ጋሼ እንደ ጥንቱ አጨበጨቡ። አስተናጋጅ መጥራታቸው ነው። አስተናጋጅ አልመጣም፤ አጠገባችን ያሉት ባልና ሚስት ግን የልደት በዓል መስሏቸው አብረው አጨበጨቡ። አውትባክ ሆቴል ውስጥ ማንም ወደ ጠረጴዛህ መጥቶ ምን ልታዘዝ አይልህም። ተነሥተህ ባንኮኒው ጋ ትሄዳለህ፣ ታዛለህ፣ ቀድመህ ትከፍላለህ፣ ቁጥር የተጻፈበት ዘንግ ይሰጡሃል፤ ጠረጴዛህ ላይ ተክለኸው ትጠብቃለህ። ጋሼ «ሳልቀምስ ልክፈል?» ብለው ተከራከሩ፤ ሰዓቱ እየሄደ ስለሆነ ክርክሩ አጭር ነበር። የእህቴ ልጅ አንድ ፓይንት ቢራ አዞ የመጣለትን ብርጭቆ እያገላበጠ አየ። ሜልቦርን ላይ ፓይንት 570 ሚሊ ሊትር ነው፤ ሳውዝ አውስትራሊያ ላይ 425። ግማሽ ሰዓት ሰጥተው ሩብ ብርጭቆ ወሰዱ።

የምግቡ ዝርዝር ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ተጽፏል። እውነተኛው ፈተና የመጣው እዚህ ነው፤ ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ሰሌዳውን እንደ ኦሪት ዘሌዋውያን ያነቡት ጀመር። የካንጋሮ ጥብስ፦ ሰኮናው ያልተሰነጠቀ፣ የማያመሰኳ፣ በሁለት እግሩ የሚዘል፤ ጾሙ ቢፈታም አይነካም። የግመል ቋሊማ፦ ያመሰኳል፣ ሰኮናው ግን ስንጥቅ አይደለም፤ መጽሐፉ በስሙ ጠርቶ ከልክሎታል። ኢሙ፦ የሰጎን የአጎት ልጅ ነው፣ ሰጎን ደግሞ ከተከለከሉት ወፎች ጋር ተቆጥራለች። የእህቴ ልጅ ካንጋሮና ኢሙ የአውስትራሊያ መንግሥት አርማ ላይ ያሉት እንስሳት መሆናቸውን ሲነግራቸው ጋሼ ዝርዝሩን ትተው እሱን አዩት። «አርማቸውን ነው የሚበሉት?» አሉ። እኛ አንበሳን በወጥ ብናቀርብ እንደማለት ነው።

ባራመንዲ የሚሉት ዓሣም ነበር። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እዚያ በረሃ ላይ ዳግም ተነሣ። የእህቴ ልጅ ይበላል አለ፤ ጋሼ እናቱን ጠቅሰው አይበላም አሉ። እኔ ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ባራመንዲ የሰሜኑ የሞቃት ውሃ ዓሣ ነው፤ እዚህ ለመድረስ ከእኛ የበለጠ መንገድ ተጉዟል።

ግመሉስ ቢሆን ከየት መጣ የሚል ይኖራል። በ1860 አገሩን ከደቡብ እስከ ሰሜን ለማቋረጥ የተነሡ አሳሾች ከዛሬዋ ፓኪስታን ከሃያ የሚበልጡ ግመሎች ወደ ሜልቦርን አስመጡ። ከዚያ በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ግመሎች ከነነጂዎቻቸው ተከተሉ፤ ነጂዎቹ ከየትም ይምጡ ከየት ሁሉም «አፍጋኖች» ተባሉ። የዚህ መሐል አገር ሆቴል ዱቄቱንና ቢራውን ያገኝ የነበረው በግመሎቹ ጀርባ ነው። በ1920ዎቹ የጭነት መኪና ሲበረክት ግመሎቹ ተለቀቁ። ዛሬ በዱር የሚዞረው የግመል መንጋ በመቶ ሺዎች ይቆጠራል። ግመል ጭነት ያመጣለት ወደነበረው ሆቴል ዛሬ ራሱ ቋሊማ ሆኖ ገባ፤ የአፋርና የሶማሌ ወንድሞቻችን ቢያዩት ደግሞ በቋሊማ መልክ መምጣቱን እንጂ መበላቱን አይቃወሙም።

ጋሼ ስለ ሰላጣ ጠየቁ። ሰላጣ ዛሬ የለም። መኪናው የሚመጣው በሳምንት አንዴ ነው፤ ዝናብ ዘንቦ መንገድ ከተዘጋ እሱም የለም። ቅጠል ነገር በመጣበት ቀንና በማግሥቱ ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ከማቀዝቀዣ የሚወጣና ዘይት ውስጥ የሚገባ ነው። የአውትባክ ማዕድ ለምን ሁሉ ነገሩ ጥብስ እንደሆነ የሚገረም የከተማ ሰው አለ፤ ይምጣና አንድ ራስ ሰላጣ በዚያ መንገድ ላይ ይሸከማት። ዋጋውም ከዚሁ ነው። ካዘዝከው ሥጋ ይልቅ የተከፈለው ለነዳጁ ነው።

ትእዛዝ የምትቀበለው ልጅ የታይዋን ልጅ ናት። በዕረፍትና ሥራ ቪዛ የገባ አብዛኛው ወጣት ፈቃዱን ለሁለተኛ ዓመት ለማራዘም 88 ቀን ራቅ ባለ አካባቢ መሥራት አለበት፤ የአውትባክ ሆቴል እነሱ ባይኖሩ ሳህን የሚያነሣለት የለም። ጋሼ ሥጋም፣ እንቁላልም፣ ወተትም፣ ቅቤም የሌለበት እንደሚፈልጉ በታክሲ እንግሊዝኛቸው ሲያስረዷት እኔ ረጅም ንግግር ተዘጋጅቼ ነበር። አላስፈለገም። አያቷ በየወሩ ሁለት ቀን በእነሱ ጨረቃ እየቆጠሩ ሥጋ እንደማይበሉ ነገረችንና ወደ ማዕድ ቤቱ ሮጠች። ጋሼ «ይቺ የደኅና ሰው ልጅ ናት» ብለው መረቋት። ግድግዳው ላይ 1 ሰዓት ከ52 ይላል።

እስኪመጣ ድረስ ባለ ባርኔጣው ሽማግሌ ስቴካቸውን ይዘው ወደኛ ጠረጴዛ ተዛወሩ። ስቴክ ሲታዘዝ ምን ያህል ይብሰል የሚል ጥያቄ አለ፤ እዚያ አገር የወንድነት መለኪያውም ይኸው ነው። በደንብ ይብሰል ያለ ሰው ከተማ ያበላሸው ነው። ሽማግሌው ቆርጠው ውስጡን አሳዩን፤ ቀይ ነው። «እኔ እንዲህ ነው የምበላው» አሉ እየኮሩ። ጋሼ በትሕትና እኛ አገር ጭራሽ እሳት እንደማይነካው ነገሯቸው። ዶሮ ማነቂያ የሚባል ሰፈር እንደነበረ፣ ሥጋው ከተሰቀለበት እንደሚቆረጥ፣ ሰው በቢላ ከአፉ ሥር እየከፈለ በአዋዜ እንደሚጎርሰው በእጃቸው እያሳዩ ተረኩላቸው። ጿሚ ሰው ስለ ቁርጥ ሲያወራ ዝርዝር አይጎድለውም። ሽማግሌው ስቴካቸውን አዩት፤ የበሰለ መሰለባቸው።

ምግቡ መጣ። የእህቴ ልጅ ያዘዘው ፓርማ ነው፤ የተደበደበ የዶሮ ሥጋ በዳቦ ፍርፋሪ ተጠብሶ፣ ቲማቲም ፈስሶበት፣ አይብ ቀልጦበት፣ ከሥሩ የድንች ጥብስ ተነጥፎለት። አውስትራሊያ ውስጥ ይህን የማያቀርብ መጠጥ ቤት ካለ ፈቃዱን መቀማት ነው። ከሳህኑ ወርዶ ጠረጴዛውን ሊነካ ምንም አልቀረው። የጋሼ ሳህን ግን ሁላችንንም ዝም አሰኘን። ሼፉ ከቆርቆሮ ቀይ ሥር አውጥቶ፣ ድንች ቀቅሎ፣ ሽንኩርት ከትፎ፣ ኮምጣጤ ጠብ አድርጎበታል። አውስትራሊያዊ ሐምበርገሩ ውስጥ ሳይቀር የቆርቆሮ ቀይ ሥር ስለሚያደርግ በረሃ ላይም አይጠፋም። ጋሼ አንዴ ጎረሱና «የጎደለው ቃሪያ ብቻ ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ የጠረፉ ቂም ነበረበት።

ማንም ግን «በሞቴ ጨምሩ» አላለም። በአውትባክ ሆቴል የሚጎድለኝ ይኸው ነው። ሳህኑ ይቀመጣል፣ ልጅቷ ትሄዳለች፣ በላህ አልበላህ ያንተ ጉዳይ ነው። መብላትህን የሚከታተል፣ ስታቆም የሚቆጣ፣ ጉርሻ ይዞ የሚያሳድድ የለም። በሌላ በኩል ሼፉ ሊዘጋ ስምንት ደቂቃ ሲቀረው፣ ሰሌዳው ላይ የሌለ ምግብ፣ ለማያውቀው ሰው ጾም ብሎ ሠርቷል። ይህን በቃል አላለውም እንጂ «በሞቴ» ከማለት በምን ያንሳል?

ቀደም ብለን ስንከፍል ሒሳቡ ላይ ችግር ተፈጥሮ ነበር። ባለቤቷ ለድንችና ቀይ ሥር የምትጫነው ቁልፍ አልነበራትም። ትንሽ አሰበችና የልጆች ምግብ ብላ መታችው። ስለዚህ ጋሼ የልጅ ልጅ አይተው በሕፃን ሒሳብ በሉ፤ ከልጆች ምግብ ጋር የሚመጣው አይስክሬምም ደረሳቸው። የፍስክ ስለሆነ የእህቴ ልጅ በሐሳብ ደረጃ እያዘነ በላላቸው። ጉርሻ ብለው ገንዘብ ሊተዉ ሲሉ ልጅቷ አልለመደችውም፤ ባንኮኒው ላይ ወዳለው የበራሪ ሐኪሞች ቆርቆሮ ጠቆመቻቸው። በ1928 የተጀመረ አገልግሎት ነው፤ ሐኪም በማይደርስበት በረሃ በአውሮፕላን ሐኪም ያደርሳል፤ የአውትባክ ሆቴል ሁሉ ባንኮኒ ላይ የእሱ ሙዳየ ምጽዋት አለ። ጋሼ ሕፃን ሆነው ያተረፉትን እዚያ ጨመሩ። የማዕድ ቤቱ መብራትማ ልክ 2 ሰዓት ሲሞላ ጠፍቶ ነበር።

ካንጋሮውን ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ እንዴት ነው ብላችሁ እንደምትጠይቁ አውቃለሁ። ሥጋው ቀይ ነው፣ ሽታው እንደ ዱር እንስሳ ሥጋ ነው፣ ስቡ ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ብቻ ስለሆነ ትንሽ ካለፈበት ይደርቃል። ሐኪም ይወደዋል። ለእኛ ግን ቅቤ ያስፈልገዋል፤ ሚጥሚጣም ቢኖር አይጎዳም።